ጋሼ ያወረሱን ክፍል

የመካነ ሰላም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። የድሮ አስተማሪዬ ጋሼ ቤታቸው ተሸጦ ለእኛ ቤተ መጻሕፍት የዘር መቁጠሪያ ክፍል እንዲሠራበት መናዘዛቸውን ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ጣሪያችን ያፈሳል፣ ተማሪው ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ እሳቸው ለሙታን ክፍል ይሠራሉ! በሕይወት እያሉም እንዲሁ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ቴፓቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ ከደጎሎ እስከ ማሻ እየዞሩ ሽማግሌውን ዘር ሲያስቆጥሩ ኖሩ። ከሕያዋን ጋር መቼ ነው የሚጫወቱት እያልኩ እተርባቸው ነበር፤ ስቀው ያልፉኛል።

ክፍሉ ተሠራ። ረጅም ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ሙሉ ደብተር፣ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ሶላር፣ ማዳመጫ ያለው ቴፕና በየቀበሌው የተለዩ ካሴቶች። በገበያ ቀን ገበሬው እህሉን ሸጦ ብቅ ይልና የአያቱን ድምፅ ይሰማል። ሳላስበው ወደድኩት።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ነገር መጣ። ከአረብ አገር ተመልሳ ከአንድ የደጎሎ ልጅ ጋር ተዋደዱና ሽማግሌ ተላከ። እንደ ደንቡ ሁለቱም ወገን ዘሩን ሲቆጥር አንድ ሰው ላይ ተገናኘን። በልጁ በኩል ሰባት ቤት ሞልቷል፤ በእኛ በኩል ግን ስድስት ብቻ ሆነ። ሰባት ካልሞላ ጋብቻ የለም። ቆጠራውን በቃል ያስጠኑን ደግሞ አባቴ ናቸው፤ ማን ይጠረጥረዋል?  ልጅቷ ለሠርጓ ያመጣችውን ልብስ አጣጥፋ ወደ ሻንጣው ስትመልስ ሳያት አንጀቴን በላችው።

በማግሥቱ ይዣት ወደ ክፍሉ ሄድኩ። የሰፈራችንን ደብተር ብገልጥ የአባቴ ቆጠራ በጋሼ እጅ ተጽፏል። ከአባቴ አባት በላይ ግን እኛ ሰምተነው የማናውቅ አንድ ስም ገብቶበታል። ከጎኑ «ካሴቱን አዳምጡ» ይላል።

ማዳመጫውን ለሁለት ተካፈልነው። አባቴ ካረፉ ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም፤ መጀመሪያ የመጣው ያ ሳላቸው ነው፣ እንባዬ ዱብ አለ። የአባታቸው አባት በስተኋላ ሰልመው እንደነበር ይናገራሉ። በእኛ አገር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተዋልዶ ነው የሚኖረው፣ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። የእኛ ዘመዶች ግን የደብር አገልጋዮች ስለነበሩ ሲቆጥሩ ይዘሏቸዋል፤ አባቴም ዘለሉብን። ጋሼ ልጻፈው ወይስ ልተወው ብለው ሲጠይቁ ይሰማል።

«ጻፈው» አሉ አባቴ። «ለልጆቼ ስቆጥር እዘለዋለሁ። ግን አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጻፈው።»

ለእኛ ያልነገሩንን ለጋሼ መንገራቸው ትንሽ ቅር አሰኘኝ። ጋሼን ግን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ካሴቱን ተራ በተራ ሰሙ። ትልቁ ሽማግሌ፣ እንግዲያው አንቺው ቁጠሪልን አሉኝ። ከእህቴ ልጅ ጀምሬ ወደ ላይ ቆጠርኩ። የአባቴ አባት ላይ ስደርስ ምላሴ እንደለመደው ሊዘል ሲል ልጅቷ እጄን ጨበጥ አደረገችው። የተዘለሉትን ሰው ስም ጠራሁት፤ ሰባት ሞላ።