የአዴ ዘይነባ ማገጥ

አሰላ ባለው የመኖ ችግኝ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ መኮትኮቻ ሰጥቶኝ፣ «ከሣሩ መደብ ላይ ይህን አረም ንቀይልኝ» አለኝ። አረም ብሎ የጠራው ማገጥን ነበር። በኦሮምኛ ሲዲሳ ይባላል፤ የአተርና የባቄላ ዘመድ የሆነ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን ሐምራዊ የሚያደርግ የዱር ተክል ነው። ነቀልኩ። አዲስ ተቀጣሪ ምን ትላለች?

ከዓመታት በኋላ የመኖ ባለሙያ ሆኜ ወደ አርሲዋ ሮቤ ተመደብኩና የነቀልኩትን ማስዘራት ጀመርኩ። ማገጥ ወተት ይጨምራል፣ ንብ ትወደዋለች፣ የደከመ መሬትም ያነሣል። ግን ሥርዓት አለው። የዘሩ ልባስ ጠንካራ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ይታሻል፤ ሰኔ ላይ ተበትኖ ስስ አፈር ይለብሳል። በጥልቀት ከተቀበረ አይወጣም። ላም ደግሞ ጤዛውን እንዳዘለ በባዶ ሆዷ ከበላችው ሆዷ ይነፋል። መጀመሪያ ገለባ፣ ቀጥሎ ጠውለግ ያለ ማገጥ። ይህን ስንት ጊዜ እንደለፈለፍኩ ጉሮሮዬ ያውቃል።

አዴ ዘይነባ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ያሏቸው ገበሬ ነበሩ። ውሃ የሚተኛበት፣ ለስንዴ የማይሆን መሬት ነበራቸው። በአርሲ ካሎ የሚባል ልማድ አለ፤ ሣሩ ዘሩን እስኪጥል ግጦሹ ይታጠራል፣ ከብት አይገባበትም። እሳቸውም በእኔ ምክር እዚያ ማገጥ ዘርተው በካሎ ዘጉት። ክረምቱን ሙሉ ላሞቹን በገለባ አቆዩ፤ ወተቱም ቀነሰ። «ለከርሞ ዘር ይሆንዎታል» ብዬ ያግባባኋቸው እኔ ነኝ።

ፍሬው ሊደርቅ ሲል አዲሱ ኃላፊያችን «ከአረም የጸዳ ቀበሌ» ለእንግዶች ማሳየት አማረው። የስንዴ ማሳ ላይ ፀረ አረም የሚረጩት ሠራተኞች ካሎውንም እንዲረጩ አዘዘ። ያ መድኃኒት ስንዴውን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ያቃጥላል። እኔ ስደርስ ማገጡ ተጠማዞ ተኝቷል። ለላሞቹም እንኳ መስጠት አይቻልም።

አዴ ዘይነባ አላለቀሱም። «ልጄ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሜ ፈልቶ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ።

«ባለመሬቷን ጠይቀዋል?»

«አረም ለማስረጨት ማንን ነው የምጠይቀው?»

«መኖ እኮ ነው!»

«ጎብኚ መኖና አረም አይለይም። ደግሞ አትጩሂብኝ።»

ጮህኩበት። እስከ ዛሬም አልጸጸትም።

በዓመቱ፣ አፈር ውስጥ ሳይበቅል የቆየው ዘር ዝናብ ሲያገኝ በራሱ ወጣ። ካሎው እንደገና አበበ። ያው ኃላፊ እንግዶች አስከትሎ፣ «መሥሪያ ቤታችን ያለማው መኖ ይኸውላችሁ» እያለ መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ! አዴ ዘይነባ ግን የአጥሩ በር ላይ ቆሙ።

«ዘሩን ሳይጥል አይገባም» አሉት።

«እናቴ፣ እኛ እኮ ከብት አይደለንም» አለ እየሳቀ።

«ከብትማ ማገጥን ከአረም ይለያል።»

እንግዶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከአጥሩ ውጭ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ንዴቱ ግን አልወጣልኝም። ለአዲስ ባለሙያዎች የምለው አጭር ነው። ለዘር የተተወ ማገጥ ፍሬው ሳይደርቅ አይነካም። የሰው መሬትም ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይረጭም።