የጋሽ መልካሙ በርጩማ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል። የኛ የጅማ በርጩማ እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፤ ሙጫ የለው፣ ምስማር የለው። አንዴ የቆረጡትን መልሶ መቀጠል የለም።

ጋሽ መልካሙ የሚባሉ ግንበኛ ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ አሠርተውኝ ወሰዱ። በማግስቱ ተሸክመውት መጡ።

"ያጋድላል!"

በርጩማው እኔ ሱቅ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ግን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ዓይኔ እያየ የጠቆሙኝን እግር በመጋዝ ቀነስኩላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ በሌላ በኩል አጋደለ ብለው መለሱት። አሁንም ቀነስኩ። በሦስተኛው፣ ደንበኞቼ ፊት ቆመው፣ "ነስሩ፣ ሙያ እንዲህ አይደለም! እኔ ያለ ውሃ ልክ አንዲት ብሎኬት አላስቀምጥም!" ብለው አዋረዱኝ።

ወላሂ፣ በቃኝ! በርጩማውን ብብቴ ሥር ወትፌ፣ "ቤትዎ እንሂድ" አልኳቸው። ሰፈራቸው ጊንጆ ጉዱሩ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ሳሎናቸው እንደገባሁ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው ብርቱካን አንዱን አንስቼ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጥኩት። እየተንከባለለ ሄዶ በሩ ጋ ቆመ።

"ይሄን ወለል የሠራው የትኛው ደንቆሮ ነው?" ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ መልካሙ ብርቱካኑን ትክ ብለው አዩት።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ይቅርታ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ስጠብቅ በርጩማውን አንስተው አስታቀፉኝ።

"ወለሉማ አንዴ ደርቋል። በል አንዱን እግር አስረዝምልኝ።"