ከቻርጀሮቹ መሃል የተሸጠው ማንጎ

አዋሽ ስወርድ የማርፍበት ሆቴል ባለቤት ወሎዬ ናት፤ ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ሐኪም ሳንባውን መርምሮ ሲጋራ እንዲያቆም ካዘዘው ወዲህ ብዕር የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ ፕላስቲክ ይስባል። ምሳ ስበላ አጠገቤ ተቀምጦ እንፋሎቱን ለቀቀው። በስኳር የተቀቀለ የበሰበሰ ማንጎ የሚመስል ሽታ ጥብሴ ላይ አረፈ። ሳህኑን ገፋሁት።

"መድኃኒት ነው ብለው ሸጡለት" አለችኝ ሚስቱ። "ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት፤ እውነት ነው? ሳሉ ግን፣ ወላሂ፣ ብሶበታል።"

የሸጠለት የስልክ ዕቃ ቤት ነው። ሄጄ አየሁ፤ ከቻርጀሮች መሃል ተሰቅሏል።

"በስልክ ገመድ የሚሞላ ሁሉ የስልክ ዕቃ ነው" አለኝ ሻጩ። "ለእርስዎ ግን የሚንት ጣዕሙ ይሻላል፤ የማንጎው የወጣት ነው።"

በማግስቱ ለሌላ ሥራ ሰመራ ሄጄ ምግብና መድኃኒት የሚቆጣጠረው ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ሕጉን በቃሉ ያውቀዋል፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው።

"ታዲያ ተቆጣጣሪዎቻችሁ አዋሽ ላይ ምን ያያሉ?"

"ሺሻ ቤት ገብተው ከሰሉንና ዕቃውን ይይዛሉ። ምግብ ቤትና መድኃኒት ቤትም ያያሉ።"

"የስልክ ዕቃ ቤትስ?"

"እሱ የእኛ አይደለም። ደግሞ እኛ የምንቆጣጠረው ፈቃድ ያለውን ነው፤ የተከለከለውን በምን መዝገብ እንቆጣጠረው?"

ፍም ካላዩ፣ ለእነሱ የሚጨስ ነገር የለም።

አዋሽ ስመለስ ለባልና ሚስቱ ያጣራሁትን ነገርኳቸው። መድኃኒት ተብሎ የተፈቀደ አይደለም፤ ሕጉ ጭራሽ ከልክሎታል። ሴትየዋ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ባሏ ፕላስቲኩን አገላብጦ አየና ከአጥር ውጭ ወረወረው።

"ሕገወጥ ነገርማ ደረቴ ውስጥ አላስገባም!" አለ። ወዲያው ከሆቴሉ በር አጠገብ ወዳለው ኪዮስክ ተሻግሮ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይዞ ተመለሰ።

"አንተ ሰውዬ፣ አበድክ?" ጮኸችበት ሚስቱ።

"አቦ ተይኝ! ይሄ ቀረጥ የተከፈለበት ነው። ጋሼም ተከልክሏል አላሉም።"

በነጠላ መሸጡም በዚያው ሕግ ክልክል እንደሆነ ልነግረው አፌን ስከፍት ሴትየዋ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

"ይብቃዎት ጋሼ" አለችኝ፣ ባሏ እየሳለ ክብሪት ሲጭር እያየች። "ይህን ያህል የነገሩት ይበቃል።"