ሽማግሌ ይዤ ትምህርት ቤት

አገር ቤት ወላጅ ትምህርት ቤት የሚለምነው ልጄን አሳልፉልኝ ብሎ ነው። እኔ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ላይ ልጄን ጣሉልኝ ብዬ ለመንኩ። ዛሬም ድረስ በዚህ የሚስቅብኝ ሰው አለ፤ ይሳቅ።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2021፣ የኮሮና ጊዜ ነው። ልጄ አንደኛ ክፍልን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የተማረችው ፎረስት ፓርክ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ኩሽና ውስጥ፣ ትምህርት ቤቱ በሰጣት ላፕቶፕ ነበር። ብርዱ ሲጋመስ ትምህርት ቤቱ በሳምንት ጥቂት ቀን ተከፍቶ ነበር፤ ባለቤቴ አስም ስላለበት ግን እኛ ቤት ትቆይ አልን። እሱ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን መንገድ ላይ ነው። እኔ የምሠራበት የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አብሬያት እውላለሁ፤ ወደ ሥራ ስሄድ ደግሞ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡት የክርስትና እናቷ ሱቅ አደርሳታለሁ። እትዬ ነው የምንላቸው።

ጠዋት ድንች እየላጥኩ ስታነብ እሰማታለሁ። ስለ ድመቷ፣ ስለ እንቁራሪቷ፣ ቀይ ኮፍያ ስላደረገው ሰውዬ ታነባለች። ድምፅዋ ሲያምር! እኔ በእሷ ዕድሜ ሀሁን ገና በጩኸት ነበር የምለው፣ ይህች ልጅ ታሪክ ታነባለች እያልኩ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አውርቻለሁ።

አንድ ቀን የላፕቶፑ ድምፅ ተበላሸ። ልጄም ዝም አለች። "አንብቢ እንጂ" ስላት፣ "ማሚ፣ ኢት ካንት ሪድ ቱዴይ" አለችኝ። ማን ነው ማንበብ ያቃተው ብዬ ተጠግቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ትንሽ የድምፅ ምልክት አለች። ስትነካት ማሽኑ ያነባል፣ ልጄ ተከትላ ትላለች። ዓመቱን ሙሉ ሲያነብ የከረመው እሱ ነው። ከመደርደሪያ መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠኋት። ሥዕሉን እያየች ከራሷ አንድ ተረት ፈጥራ ነገረችኝ። ተረቱ ከተጻፈው ይሻል ነበር፤ ንባብ ግን አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሪፖርት ካርዷ በኢሜይል መጣ። እኛ ባደግንበት ሪፖርት ካርድ ከመቶ ስንት እንዳገኘህ፣ ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣህ ተጽፎ ይሰጥሃል፤ የሚያስለቅስ ከሆነ ታለቅሳለህ፣ የሚያስጨፍር ከሆነ ይጨፈራል። ይህኛው "በጥሩ ሁኔታ እያደገች ነው" ይላል። ስለ ቲማቲም ችግኝ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ከሥሩ ደግሞ ለሁለተኛ ክፍል እንኳን አደረሳችሁ፣ ለመጪው ዓመት ምዝገባዋን አረጋግጡ የሚል አለ።

እኔ ደግሞ ነገር አላሳድርም። ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩና አንደኛ ክፍልን ትድገም አልኩት።

"ልጄን ደጋሚ ልታደርጊያት ነው?" ብሎ ጮኸ። "ቲቸሯ ፓስ ካደረገቻት አንቺ ምን ቤት ነሽ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ!"

"ማንበብ አትችልም እኮ።"

"ትለምደዋለች።"

"ማን ያስለምዳታል? ማሽኑ?"

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበርና ልጄ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቅሶ ሆነ። ቁርስ ስትበላ ታለቅሳለች፣ ጫማ ሳስርላት ታለቅሳለች። "አይ ዶንት ዋንት ቱ ዱ ኢት አጌይን"፣ እንደገና ማድረግ አልፈልግም ነው ነገሯ ሁሉ። እኔ የገባኝ እፍረቱ ነው። እኛ ዘንድ ደጋሚ መባል ስድብ ነው፤ ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ የሚያስታውሰው አለ። "እዚህ አገር ማንም ደጋሚ ብሎ አይሰድብሽም" እያልኩ ባባብላት ጭራሽ ባሰባት። ግን ደግሞ ሁለተኛ ክፍል ገብታ ሌሎቹ ሲያነቡ ሥዕል ስታይ ትታየኛለች፤ እሱ ይበልጥ ይጨንቀኛል። ለአስተማሪዋ ኢሜይል አደረግኩና ቀጠሮ ያዝኩ።

እትዬ ጉዳዩን ሲሰሙ ሱቃቸውን ዘግተው ተነሡ። "ብቻሽን ልትሄጂ? እንዲህ ያለ ልመና ያለ ሽማግሌ አያምርም" አሉኝ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማስካቸውን አድርገው፣ ልጄን ይዘን ሦስታችንም ሄድን።

በዚያ ጊዜ ወላጅ ወደ ሕንፃው አይገባም። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ከዛፍ ሥር፣ ታጣፊ ወንበሮች ተራርቀው ተደርድረው ጠበቁን። አስተማሪዋ ብቅ ስትል ልጄ አፏን ይዛ "ማሚ፣ ሺ ሃዝ ሌግስ!" አለች። እውነቷን ነው፤ እግሯን አይተን አናውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ከደረት በላይ ብቻ ነበር የምናውቃት። ረጅም ሴት ሆና ተገኘች።

ተቀመጡ አለችን። ልጄ ተቀመጠች። እትዬ አልተቀመጡም።

"የመጣንበት ሳይፈጸምልን አንቀመጥም በያት።"

"እትዬ፣ እዚህ እንዲህ አያውቁም።"

"ታውቃለቻ። ንገሪያት።"

ነገርኳት። አገራችን ለልመና የመጣ ሽማግሌ እሺ እስኪባል ይቆማል አልኳት። አስተማሪዋ ትንሽ አሰበችና "እንግዲያው እኔም አልቀመጥም" ብላ ተነሣች። ባዶ ወንበሮች መካከል ሦስት ሴቶች ቆመን ክርክሩ ተጀመረ፤ አስተርጓሚዋም ተከራካሪዋም እኔ ነኝ።

አስተማሪዋ አልዋሸችንም። ልጅቷ ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ አለች። ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ረዳት እንሰጣታለን፣ ቀስ ብላ ትደርሳለች። ልጅን ማስደገም ግን ልቡን ይሰብራል፤ ጓደኞቹ ሲያልፉ እሱ ይቀራል፤ እኛ በቀላሉ አናደርገውም አለች።

ተረጎምኩላቸው። "ጓደኛ? የትኞቹ ጓደኞች? አንድም ሕፃን ቤታችሁ ሲመጣ አላየሁም" አሉ እትዬ። "መሠረቱ ሳይያዝ ጣሪያ አይከደንም በያት።"

ይህንንም ተረጎምኩ። አስተማሪዋ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ልጄ ላይ ነበር። ልጄ እንደገና ማልቀስ ጀምራለች። አስተማሪዋ ከፊቷ በርከክ አለችና እኔ ስንት ቀን ሙሉ ያልጠየቅኳትን ጠየቀቻት፤ እንደገና ማድረግ የማትፈልጊው ምኑን ነው?

"ዘ ኪችን" አለች ልጄ።

ኩሽናውን! ሳጓን እየዋጠች ዘረዘረችው። ብቻዬን ኩሽና መቀመጥ አልፈልግም። እጄን አውጥቼ ማንም ሳያየኝ መቅረት አልፈልግም። ሌላ ዓመት ሙሉ ላፕቶፕ አልፈልግም። ለካ እፍረት አይደለም፤ ደጋሚ የሚለውን ቃል ትርጉሙንም አታውቀው። አንደኛ ክፍል ማለት ለእሷ የእኛ ኩሽና ነው። እናቷ እዚያ ልትመልሳት መስሏት ነው ስታለቅስ የሰነበተችው።

አስተማሪዋ በጣቷ የሕንፃውን መስኮት አሳየቻት። አንደኛ ክፍል እዚያ ነው፣ የሚቀጥለው ዓመት እዚያ ነው አለቻት። በመስኮቱ ውስጥ ትንንሽ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ የልጆች ሥዕሎች ይታያሉ። ምሳ አብረው ይበላሉ፣ አውቶቡስ አለ፣ እጅሽን ስታወጪ እኔ አይሻለሁ አለቻት።

ልጄ ለቅሶዋን ትታ መስኮቱን አየች። ወደ እኔ ዞረች፣ ወደ አስተማሪዋ ዞረች። ከዚያ ግራ በገባው ድምፅ፣ "በት አይ ኔቨር ዌንት ዜር" አለች።

"ምን አለች?" አሉኝ እትዬ።

"ገብቼበት አላውቅም ነው የምትለው" አልኳቸው። "ያልገባሁበትን ክፍል እንዴት እደግመዋለሁ ነው የምትለው።"

አስተማሪዋ ተነሥታ ለርዕሰ መምህሩ ራሷ እንደምትነግረው፣ እምቢ ይላል ብላም እንደማታስብ ነገረችን። እትዬ ረጅም ምርቃት መረቋት፤ ግማሹን ብቻ ነው መተርጎም የቻልኩት። ወደ መኪናው ስንመለስ ልጄ ከፊታችን እየዘለለች ነበር። ያን ቀን የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አይረሳኝም።

ማታ ባለቤቴ ከመንገድ ኮል አደረገኝ። ሊጣላኝ ተዘጋጅቶ እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል።

"እህስ፣ ተሳካልሽ?"

"አስመዘገብኳት።"

"ስንተኛ?"

"አንደኛ ክፍል። አዲስ ተማሪ ናት።"

ምን ማለቴ እንደሆነ ሳልነግረው ልጄ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስለት ልጅ በአማርኛ፣ "ዳዲ፣ ትምህርት ቤት ልገባ ነው!" አለችው።