በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ የወጡት ጣቶች

ወረታ ላይ ጨው እነግድ በነበረበት ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ይመስለኛል፣ ሚስቴ በነሐሴ ሞተችብኝ። ዓመት ጠብቄ፣ ተዝካሯን አውጥቼ፣ ከአንበሳሜ በኩል ሌላ አገባሁ። ሰው ቸኮለ አለኝ። ሰው ጨው ቀድሜ ስገዛም ቸኮለ ይለኛል።

ገና ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አዲሲቱ ሚስቴ ማድ ቤቱን ላሳምር ብላ ተነሣች። ጥቀርሻውን ጠረገች፣ ግድግዳውን በእበት ለቀለቀች፣ ሲደርቅላት ከጣራ ገዳም ግርጌ ያስመጣችውን ነጭ አፈር በጥብጣ ቀባችው። ቤቱ እንደ ታጠበ ነጠላ ሆነ። በማግስቱ በቀይ አፈር ሐረግ ልትስልበት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጠራችኝ። ከሜዳው የመጣው ጉም ደጁን ሞልቶታል።

«አንቱ፣ ይምጡ እስቲ! ይህን የነኩት እርስዎ ነዎት?»

በነጩ ግድግዳ ላይ፣ ከምድጃው እስከ በሩ፣ አምስት አምስት የጣት ሰረዝ ወጥቷል፤ ደብዘዝ ያለ፣ ቀላ ያለ። እኔ አልነካሁትም። ማን እንደ ነካው ግን አውቄያለሁ። ሟችቱ በየገናው ጣቶቿን ቀይ አፈር ውስጥ እየነከረች ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ትስብ ነበር። ረጅም ነበረችና ሰረዙ የሚጀምረው ከግንባሬ በላይ ነው። አዲሲቱ በርጩማ ላይ ካልቆመች አትደርስበትም።

«አሮጌው ቀለም ነው፤ ደግመሽ ቀቢው» አልኳት።

ደገመች፤ እበቱንም ነጭ አፈሩንም። በማግስቱ ተመልሶ ወጣ፤ እንዲያውም ደመቅ ብሎ። ጎረቤታችን ባልቴት እሳት ልትጭር ገብታ አየችና አማተበች።

«አንቺ ልጅ፣ እሷ እኮ ማድ ቤቷን ሰው አታስነካም ነበር። በቁሟም እንዲሁ ነበረች፤ እኔን እንኳ ማማሰያ አታስይዘኝም።»

እሳት ልትወስድ መጥታ እኛ ላይ ለኩሳ ሄደች። አዲሲቱ ሚስቴ ገብታ ልብሷን ቋጠረች።

«ገናን እናቴ ቤት እውላለሁ» አለች።

«ከዚያስ?»

ቋጠሮዋን አጠበቀች። አንበሳሜ ከገባች እንደማትመለስ ገባኝ። ወንድሞቿ ጋብቻውን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም።

ይኼኔ ጨው ትዝ አለኝ። ሟችቱ ቀለሙ እንዲይዝላት የአሞሌ ፍርፋሪ ትጨምርበት ነበር። ጨው ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ላብ ላብ እያለ ይወጣል፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ወረታ ገበያ ውስጥ የለም። ደስ አለኝ።

«ነይ እዚህ! ጨው ነው፤ አሳይሻለሁ» ብዬ ግድግዳውን ላስኩት።

ዕድሜዬን ሙሉ ጨው በምላሴ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግድግዳው አፈር አፈር አለኝ። ከሌላው ሰረዝ ላስኩ። አፈር ነው። ነጩን ቦታ ምድጃው አሙቆታል፤ ሰረዙ ግን ከጉድጓድ እንደ ወጣ ውሃ ይቀዘቅዛል።

«ጨው ነው» አልኳት፣ እርጥብ አሞሌ ደረቅ ነው ብዬ ስሸጥ በማሳየው ፊት።

ቋጠሮዋን አስቀመጠች። በርጩማውን ስባ ላዩ ላይ ወጣችና እሷም ላሰች። ቀስ ብላ ዞረች።

«ይህ ጨው ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ወደ በሩ ለምን ትሸሻለህ?»

እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበር የምትለኝ። እግሬን አየሁት፤ ደፉ ላይ ቆሜያለሁ።

«ከእኔ ይልቅ አንተ ፈርተሃል» አለችና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ፣ «ትቼልሽ የምሄድ መስሎሽ ነው?» አለች። ይህንን ለእኔ አልነበረም የተናገረችው።

የልብሷን ቋጠሮ ፈታች። ቀይ አፈሩን በጥብጣ፣ ሰረዙን ሳትነካ፣ ከሥሩ ቁመቷ በደረሰበት የራሷን ሐረግ ከምድጃው እስከ በሩ አዞረች። ከቁሐር ሜዳ የመጣ ቄጠማ ወለሉ ላይ ጎዘጎዘች። ደግማ ነጭ አፈር አልቀባችም።

የገና ዕለት እዚያው ማድ ቤት ወጡ ሲቀርብ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀመጠች። ፊት ለፊት ያለው ቦታ ለእኔ ቀረ።

«ብላ እንጂ» ትለኛለች።

እበላለሁ፤ ዓይኔ ግን ከአናቷ በላይ ነው። የእሷ ሐረግ ከደረቀ ሰንብቷል። ሰረዙ እርጥብ ነበር።