በተሰሎንቄ የጾም ምሳ ፍለጋ

ባለፈው ረቡዕ ሳን ሆዜ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ክንዷ ላይ የተለጠፈው መለኪያ ስኳሯ ሲወርድ ለእኔም ይነግረኛል። ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ደገምኩ፤ አላነሳችም። ለማናጀሬ «ኢመርጀንሲ ነው» ብዬ እናቴ ወደምትኖርበት ወደ ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል የሚሄደው ባቡር ውስጥ ገባሁ። በሩ በየጣቢያው ይከፈታል፤ ማንም ሳይገባ ይዘጋል። ይህን ፍርሃት አውቀዋለሁ። የተዋወቅነው ተሰሎንቄ ላይ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ «ጳውሎስ መልእክት የጻፈላትን ከተማ ሳላይ አልሞትም» ትል ስለነበር፣ ርካሽ ትኬት ሳገኝ ይዣት ሄድኩ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። ግጥም መጻፍን ያለ አስተማሪ ስለለመድኩ ግሪክኛም እንደዚያው የሚለመድ መስሎኝ ከስልኬ ዐሥር ያህል ቃላት አጥንቻለሁ። ዋናው «ኒስቲሲሞ» ነው፤ የጾም ማለት።

በሁለተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ከማደሪያችን ስንወጣ «ምግብ ቤቱ ቅርብ ነው፤ የስኳር ኪኒንሽን ዋጪ» አልኳት። ዋጠች፤ ከዋጠች በኋላ ቶሎ ካልበላች ስኳሯ ይወርዳል። ስንደርስ በሩ ተቆልፏል።

ምግብ ቤት ባይኖር መንገዱ ሙሉ ምግብ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጥጉ ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ቀለበት ዳቦ በጋሪ ይሸጣል። «ኒስቲሲሞ?» አልኩት ሻጩን። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ «ኔ» አለኝ። የኦክላንድ ጆሮዬ የሰማው «ኖ» ነው። ዳቦ ቤት ገባን፤ ቆስጣ የታሸገበት ቂጣ ይጨሳል። «ኒስቲሲሞ?» «ኔ፣ ኔ።» ወጣን። የወይራ ፍሬ የሚሸጠውም ያንኑ አለኝ። ወይራ ከመቼ ወዲህ የፍስክ ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። የፈራ ሰው አይጠይቅም። በእንግሊዝኛ ብጠይቅ በተገላገልኩ፤ በዐሥሩ ቃላቴ መኩራቴ ግን አላስቻለኝም።

ቀጥለን የገባንበት ገበያ ወለሉ በዓሣ ውኃ ርሷል፤ ሎሚና ከሰል ይሸታል። እናቴ ክንዴን የያዘችበት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጭማቂ ገዛሁላት፤ ጣፋጭነቱ በዝቶባት ሁለቴ ተጎንጭታ መለሰችልኝ።

«የጾም ምግብ ከሌላቸው፣ ጳውሎስ ታዲያ ምን አስተማራቸው?» አለች።

«እማዬ፣ እባክሽ ያገኘነውን ብዪ። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።»

ከገበያው ጀርባ የወዛደሮች ምግብ ቤት አለ። አንድ ሽማግሌ ሽርጥ አገልድሞ በሩ ላይ ቆሟል። ከሩቅ «ኒስቲሲሞ?» አልኩት፤ ድምፄ የለማኝ ነበር።

«ኔ፣ ኔ» አለ።

ልመለስ ስዞር እናቴ ክንዴን ለቃ ወደ እሱ መራመድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?»

«እየጠራኝ አይደል? ነይ፣ ነይ ይላል።» ዞር ብላ አየችኝ። «በእርግጥ ይምጡ ማለት ነበረበት። ይሁን፤ ፀጉሩ ከኔ ይበልጥ ነጭ ነው።»

ተከትያት ስገባ ማድቤት ደርሳለች። ሰውዬው አልተቆጣም፤ የድስቶቹን ክዳን አንድ በአንድ አነሳላት። በቲማቲም የበሰለ ቦሎቄ፣ ሽምብራ፣ ሩዝ በቆስጣ። በአንዱ ድስት ውስጥ ኦክቶፐስ እግሮቹን ጠቅልሎ ተኝቷል።

«ኒስቲሲሞ» አለ ሰውዬው በኩራት።

እናቴ አማተበች። «ይህን በልተው ጾምን ይላሉ?» አለችኝ በሹክሹክታ። «ክዳኑን መልስ በለው።»

ቦሎቄውን በዳቦ እየጠረገች ስትበላ እጇ ረጋ። ሰውዬውን «ኔ» ምን ማለት እንደሆነ በእንግሊዝኛ የጠየቅኩት ያኔ ነው። «የስ» አለኝ። ያ ሁሉ ዳቦ፣ ያ ሁሉ ወይራ ፊቴ ድቅን አለ። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ባቡሩ ሳን ሊያንድሮን ሲያልፍ ይህንኑ አሰብኩ። ስደነግጥ የሚሉኝ ሁሉ እምቢ ሆኖ ይሰማኛል፤ የማይነሳ ስልክ እንኳ። ፍሩትቬል ወርጄ ደረጃውን ስሮጥ እናቴ ደወለች።

«ምነው፣ ስልኬን እኮ ደውለህ ጨረስከው» አለች።

«ስኳርሽ ወርዶ ነው። የት ነበርሽ?»

«ታች ቤት ያለችው ሜክሲኳዊት ጎረቤቴ ጋ። ስልኬን ቤት ትቼ። ቦሎቄ በሩዝ አበላችኝ፤ አሁን ደህና ነኝ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። «እሷ በስፓኒሽ፣ አንቺ በአማርኛ። ምን ብላ ጠራችሽ?»

«እኔ እንጃ» አለች። «ነይ ያለችኝ መሰለኝ።»