ስድስት ወር ጡት ብቻ

ዛሬ ጨፋ ገጠር እያስተማርኩ የሌላ ሴት ሕፃን አለቀሰና የእኔ ሸሚዝ በወተት ራሰ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። «እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አትስጡ» እያልኩ ነበር።

የሕፃኑ እናት የትከሻዋን ፎጣ ደረቴ ላይ ጣል አደረገችልኝና በቀስታ ጠየቀችኝ፤ «ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅት፣ ያንቺን ልጅ ማን እያጠባው ነው?»

ልጄ አራት ወሩ ነው። የወሊድ ፈቃዴ ስላለቀ ከሚሴ ከተማ ቤታችን አማቴ የላም ወተት በጡጦ ይሰጡታል።

«ጡቴን አልቤ ትቼለት ነው የመጣሁት» አልኳት። በዚህ ሙቀት፣ ፍሪጅ በሌለው ቤት። አላመነችኝም።

ሪፖርቱ ላይ «እናቶች ግንዛቤ ጨብጠዋል» ብዬ ፈረምኩ። ግንዛቤማ እኔም አለኝ፤ ያጣሁት ፈቃድ ነው።

ለሰው የምታስተምሩትን ለልጃችሁ የነፈጋችሁ እናቶች፣ እናንተስ ምን ብላችሁ ዋሻችሁ?